ያፈርኩበት ዲግሪ

ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩት በ2007 ዓ.ም. በአማርኛ ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍና ፎክሎር (የሕዝብ ተረት፣ ቃል ግጥምና ልማድ ጥናት) ነው። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳልሽኮረመም ለመናገር ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቶብኛል። የምጽፈው ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ፍልስፍና ወይም ሶሺዮሎጂ ተምራችሁ ሰው «ምን አጠናችሁ?» ሲል ወሬ ለምትቀይሩ ነው። ልጃቸው «ሥነ ጥበብ ልማር» ሲላቸው እንቅልፍ ለሚያጡ ወላጆችም ጭምር ነው።

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ቀያሾቹ መሣሪያቸውን ተክለው ሲያነጣጥሩ እርሱ ዘንጉን ይዞ ማዶ ይቆም ነበር። ለመሐንዲስ ያለው አክብሮት ለጳጳስ ካለው ብዙም አይተናነስም። መሰናዶ ስገባ የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ መምረጤን የነገርኩት ትምህርት ከተጀመረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ውጤትሽ እኮ ይበቃ ነበር» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጊዜው የሰባ ሠላሳ ጊዜ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስና በሰብአዊ ጥናት ዘርፎች እንዲመደቡ ወስኖ ነበር። አገሪቱ ሐኪምም መሐንዲስም ያስፈልጋት ስለነበር ሐሳቡ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ወደ መንደር ሲወርድ ግን ሌላ ትርጉም ያዘ። ሠላሳው ማለት የተረፈው፣ ያልቻለው ማለት ሆነ። ፈልጌ የገባሁበትን ክፍል ሰው ሁሉ የወደቅኩበት ነው የሚመስለው። እኔም ቀስ በቀስ አመንኩ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሁለት ዓመት ሙሉ የመምህሩን ማስታወሻ ሸምድጄ ፈተና ላይ አራገፍኩ እንጂ ተማርኩ ለማለት ይከብደኛል። የነቃሁት በመጨረሻው ዓመት፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ሙሾ ልሰበስብ ገጠር ስወጣ ነው። አንድ መምህራችን ከመሄዳችን በፊት ደጋግመው የሚነግሩን ነገር ነበር፤ «አዎ ወይም አይደለም የሚያስብል ጥያቄ ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ የራሳችሁን ሐሳብ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ»። ሰውን ስለ ልማዱ አትጠይቁት፤ ትናንት ምን እንዳደረገ ይንገራችሁ ይሉናል። ዝም ሲል አትቸኩሉ። የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን ለማን እንደሚናገር እዩ። ይህን በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩት፣ ኤ አገኘሁበት፣ ረሳሁት።

ከተመረቅኩ በኋላ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ተቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎ እሄዳለሁ። እዚያ እንደ እኔ ያለ ሰው ጋዜጣ አይገዛም፤ ይከራያል። ከመንገዱ ዳር ተደርድረን የሥራ ማስታወቂያውን ገጽ እየተቀባበልን እናነባለን። «አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት ወይም ተዛማጅ የትምህርት ዘርፍ»። በዚያን ዘመን «ተዛማጅ» የምትለዋን ቃል ያህል የጠላሁት ነገር የለም፤ ከእኔ ጋር የሚዛመድ አልነበረምና።

ከተመረቅኩ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የሠራኋቸው ስሕተቶች ብዙ ናቸው፤ የከፋው ግን በራሴ ላይ መሳቄ ነው። አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ «ፎክሎር ምንድን ነው?» ቢሉኝ «ያው ተረት ተረት ነው» ብዬ ሳቅኩ። ጠያቂዎቹም አብረውኝ ሳቁ። ሥራውን አላገኘሁም፤ ለምን ይሰጡኛል? ራሴ ያቃለልኩትን እነርሱ እንዲያከብሩልኝ ነበር የምጠብቀው። ቀጥዬ በአክስቴ ገንዘብ ስድስት ወር የፒችትሪ፣ የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር፣ ሥልጠና ወሰድኩ። ምስክር ወረቀቱን ይዤ ስወጣ የምወዳደረው አካውንቲንግን በዲግሪ ከተማሩ ልጆች ጋር ሆነ። ሙያ መጨመር መልካም ነው፤ የራስን ጥሎ የሌላውን ጅራት መያዝ ግን ከሁለቱም ያስቀራል። ለአባቴ ደግሞ በስልክ «አንድ ቢሮ ገብቻለሁ» አልኩት። ውሸት ስለሆነ ለበዓል እንኳን አገር ቤት መሄድ አቃተኝ፤ ባዶ እጅን ይዞ እንዴት ይገባል?

ሁሉን ነገር የቀየረው የ2009 ዓ.ም. ሁዳዴ ነው። የካቲት 13 ቀን ገባ። እናቴ ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ከዓመት በላይ ሆኗት ነበር፤ ግሊቤንክላማይድ የሚባል ኪኒን ትወስዳለች። በሦስተኛው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ወደቀች። ጾሙ ደክሟት ነው ያለ አለ፣ ቡዳ ነው ያለም አለ። አንድ አስተዋይ ሰው በባጃጅ ሆስፒታል አደረሳት። እኔ ከአዲስ አበባ በማግስቱ ስደርስ ግሉኮስ ተሰጥቷት ተቀምጣ ታወራ ነበር። ስኳሯ እጅግ ወርዶ ነው የተገኘችው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጥሩ ሰው ነው። ከመልቀቁ በፊት እኔው ፊት ጠየቃት።

«እማማ፣ መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?»

«አዎ ልጄ፤ አንድም ቀን አላጓደልኩ።»

«ጾም ይጾማሉ?»

«እኔ ምኑን ጾምኩት ልጄ! የእኔም ጾም ሆኖ?»

ሐኪሙ አቀርቅሮ ካርዷ ላይ ጻፈ። እንደማትጾም ነው የጻፈው። ኪኒኗን በሰዓቱ እንድትወስድ፣ ምግቧንም በሰዓቱ እንድትበላ መክሮ አሰናበታት። እርሷም «እሺ፣ ይባርክህ» አለች። እኔም ቤት ስንደርስ «እማዬ፣ ኪኒኑን በትክክል ነው አይደል የምትወስጅው?» አልኳት። «አዎ» አለችኝ። የተማርኩትን ሁሉ በአንዲት ጥያቄ ቀበርኩት።

በዘጠነኛው ቀን እንደገና ወደቀች።

አሁን ሐኪሙ ተጨነቀ። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ስኳር ሊያወርድ ይችላል፤ ስለዚህ የኩላሊት ምርመራ አዘዘ። ወጪ ነው፣ ቀጠሮ ነው፣ ጭንቀት ነው። በዚያች ሌሊት አልጋዋ ጎን ተቀምጬ ሳለ የመምህሬ ድምፅ ትዝ አለኝ። ለምን ያኔ እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ምናልባት ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ይሆናል። «እማዬ፣ ከትናንት ወዲያ ከእንቅልፍሽ ከተነሣሽ ጀምሮ የዋልሽውን ንገሪኝ» አልኳት። ተገርማ ጀመረች፤ እኔ በወረቀት ጻፍኩ።

ሌሊት በ11 ሰዓት ተነሥታ ኪዳን ሄደች። በ12 ሰዓት ተኩል ቤት ተመልሳ ኪኒኗን ዋጠች። በምን ዋጥሽው ብላት በጠበል አለችኝ፤ ውሃ እስከ 9 ሰዓት አይቀመስማ። ቁርስ ካልበላሽ ለምን ዋጥሽው ብላት እንደ ሕፃን አየችኝ። «ወረቀቱ ‹ከቁርስ በፊት› ነዋ የሚለው። ቁርስ ባይኖር የቁርስ ሰዓት ይቀራል?» ከዚያ ቤት ጠረገች፣ ወፍጮ ቤት ደረሰች፣ ቅዳሴ ቆመች። እህል የቀመሰችው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ኪኒኑ ቆሽትን ኢንሱሊን አመንጪ እያለ የሚገፋ ነው፤ ሆድ ውስጥ ምግብ ኖረ አልኖረ ሥራውን ይሠራል። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ባዶ ሆዷን ሲገፋት ዋለ።

በትክክል ነው የምትወስደው። የወደቀችውም በትክክል ስለወሰደችው ነው።

«ምኑን ጾምኩት» የሚለው መልስስ? እዚህ የሚያነብ ሁሉ እናት ወይም አያት አለውና ያውቀዋል። አጥብቆ የሚጾም ሰው «እጾማለሁ» አይልም። እንደዚያ ማለት ጾሙን ማርከስ ነው፤ ጾም በስውር ነው። እናቴ የመለሰችው ሐኪሙን አልነበረም፤ ከእርሱ በላይ የሚሰማትን ነበር። ሐኪሙ ሰሙን ጻፈ፣ ወርቁ አመለጠው። እርሱን አልወቅስም፤ ከኋላው ኮሪደሩን የሞላ በሽተኛ ተሰልፏል፣ የተማረውም ሌላ ነው። ወቀሳው የእኔ ነው። ቅኔውንም ሰምና ወርቁንም በዲግሪ የተማርኩ እኔ እዚያው ቆሜ ሰምቼ አሳለፍኩት።

ጠዋት ወረቀቱን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይጾማሉ ማለት ነው?» አለኝ። በዚህ ከተማ እንደ እርሷ የሚጾም ጥቂት ነው አልኩት። «አልጾምም ብለውኝ ነበር እኮ» አለ፤ ነገሩን ሳስረዳው ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ስንቱን እንዲህ ጽፌዋለሁ?» አለ። መድኃኒቷንም የመውሰጃ ሰዓቱንም ቀየረ። ጾሙን እንድትተው ቢነግራት እሺ ብላ እንደማትተው ስለማውቅ የንስሐ አባቷን ለምኜ አመጣኋቸው። እርሳቸውም በሕመም ላለ ሰው ሥርዓቱ እንደሚያዝን ነግረው «በሰዓቱ ቅመሺ፤ እኔ ፈቅጃለሁ» አሏት። አለቀሰች፤ ግን ታዘዘች። የኩላሊት ምርመራው ውጤት ደኅና ሆኖ መጣ።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር፦ ስኳር ያለበት ቤተሰብ ካላችሁ፣ ሁዳዴም ይሁን ረመዳን ከመግባቱ አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ። ኪኒን በራሳችሁ አትቀንሱ፣ አታቋርጡ። እናቶቻችሁ ሲጠየቁ አብራችሁ ግቡ፤ «ምኑን ጾምኩት» ካሉ የምትተረጉሙት እናንተ ናችሁ።

ሐኪሙ በሌላ ቀን ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ ምን እንዳጠናሁ ጠየቀኝ። «ቋንቋ ነገር» አልኩት፤ አሁንም አፍሬ። እርሱ ግን አልሳቀም። የስኳር ክትትል ቀን መጥቼ ከበሽተኞች ጋር እንደዚያው እንዳወራ ጠየቀኝ። ሥራ ስላልነበረኝ ገባሁ።

ከሃያ የሚበልጡ ሰዎችን ውሎ ጻፍኩ፤ ያገኘሁት ነገር አስደነገጠኝ። አንድ ሰው የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ «8:00» ተጽፎለታል፤ የጻፈው ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በሽተኛው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት እየወሰደ ከርሟል። አንዲት ሴት «በባዶ ሆድ» የተባለችውን ኪኒን ቡና ከቆሎ ጋር ከጠጣች በኋላ ትውጣለች፤ «ቡና ደግሞ ምግብ ነው እንዴ?» አለችኝ። «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ» የተባለ ሽማግሌ በጾም አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚበላ ሦስቱንም ከዚያችው በኋላ በአንድ ላይ ይውጣል። አንድ ወጣት ደግሞ የምርመራ ውጤቱ «ኔጌቲቭ ነው» ሲባል መጥፎ ነገር መስሎት አልቅሷል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ሰነፍ አልነበረም፣ ወረቀቱን የጻፈላቸውም ክፉ አልነበረም። በመካከላቸው የሚቆም ሰው ነው የጠፋው።

ወረቀቶቹን በአማርኛ እንደገና ጻፍኳቸው። ቀላል መስሎኝ ነበር፤ የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ከበፊቱ የባሰ ሆነ፤ መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸታል። ከዚያ አንድ ዘዴ ለመድኩ። የጻፍኩትን ለሰው አነብለትና «ገባዎት?» አልለውም፤ ምክንያቱም ሁሉም «ገባኝ» ይላል፣ ይሉኝታ ነው። ይልቅ «ቤት ሲደርሱ ለባለቤትዎ እንዴት አድርገው ይነግሯቸዋል?» እለዋለሁ። ሰውዬው በራሱ ቃል ሲመልሰው የተሳሳትኩበት ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ የእርሱ ቃል ከእኔ ይሻላል፤ ያንኑ እገለብጣለሁ። ሐኪም፣ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ይህቺን ጥያቄ ውሰዷት፤ በነጻ ናት።

በኋላ ስመለከተው ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አልነበረም። ነጻ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጠበል የያዙ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን ትተውት ነበር፤ ሁለቱ የሚጣሉ መስሏቸው። የሐኪም ምክር ብቻውን ብዙ አልፈየደም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር እንደሆኑ፣ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ የበሽተኛው ልብ ውስጥ ያለው ክርክር መልስ አገኘ። እኔ ልመረቅ አካባቢ ደግሞ ኢቦላ በምዕራብ አፍሪካ ነበር። በላይቤሪያ ዋና ከተማ አስከሬን እንዲቃጠል ሲታዘዝ ሰዉ ሕመምተኛውን ቤት ደበቀ፤ ሬሳ ማቃጠል ወጉ አይደለምና። በ2007 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የቀብር መመሪያውን «ደኅንነቱም ክብሩም የተጠበቀ ቀብር» ብሎ ሲያወጣ፣ ስለ ልቅሶና ስለ ቀብር ሥርዓት ያጠኑ ሰዎች ከሃይማኖት አባቶችና ከሐኪሞች ጋር ገብተውበት ነበር። ይህን ሳነብ ደብተር ውስጥ የቀበርኩት ሙሾ ትዝ አለኝ። ሰው ሙቱን እንዴት እንደሚያለቅስ ማወቅ እንዲህ ያለ ቀን ይመጣለታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አራት ወር ያለ ክፍያ ሠራሁ። እዚህ ጋ ሌላ ስሕተት ፈጸምኩ፤ ከመጀመሪያው ቀን የተጻፈ ደብዳቤ አልጠየቅኩም። በኋላ አንድ የጤና ፕሮጀክት በኮንትራት የጤና ትምህርት ባለሙያ ሲፈልግ የሥራ ልምድ ማስረጃ አምጪ ተባልኩ፤ በመዝገብ ላይ እኔ የለሁም። ያ ሐኪም እየተሯሯጠ ባይመሰክርልኝ ያልፈኝ ነበር። በጎ ፈቃድ ስትሰጡ ደብዳቤ አጽፉ፣ የጀመራችሁበትን ቀንም አስፍሩበት። ሌላው፣ ሲቪዬ ላይ ለሁለት ዓመት የደረደርኳቸውን የኮርስ ስሞች አውጥቼ ጣልኩ። በምትኩ አሮጌውን የመድኃኒት ወረቀትና እኔ የጻፍኩትን ጎን ለጎን አያይዤ አቀረብኩ። በቃለ መጠይቁ «ፎክሎር ምንድን ነው?» ተባልኩ፤ የእናቴን ታሪክ ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም።

ነገሩን አስውቤ እንዳላታልላችሁ። ደመወዙ ብዙ አይደለም፣ ኮንትራቱ በየዓመቱ ያስጨንቃል። አብረውኝ ከተመረቁት ውስጥ ዛሬም ከሙያቸው ውጭ የሚሠሩ አሉ፤ ከእኔ የሚያንሱ ሆነው አይደለም። ስለዚህ ታሪክ ወይም ሥነ ጽሑፍ ልትማሩ የምታስቡ ልጆች፣ ተማሩ፤ ግን ስትማሩ በጤናው፣ በፍርድ ቤቱ፣ በእርሻው ወይም በሌላ አንድ ዘርፍ ውስጥ እግራችሁን አስገቡ። ክረምቱን እዚያ አሳልፉ። ያጠናችሁት ነገር ጥቅሙ የሚታየው ሌላ ሙያ የቆመበት ድንበር ላይ ነው፤ እዚያ ካልደረሳችሁ ለማንም ማሳየት ይከብዳችኋል። ማስታወሻ ሸምድዳችሁ ብቻ አትውጡ፤ እኔ ሁለት ዓመቴን በከንቱ አቃጥያለሁ።

ለአባቴ ስለ «ቢሮው» ውሸቴን የነገርኩት በዚያው ዓመት ለፋሲካ ነው። አልተቆጣም። ጠላውን አስቀምጦ አንድ ነገር አጫወተኝ። መንገድ ሥራ ላይ ሳሉ መሥመሩ በአንድ ትልቅ ዋርካ ላይ ያልፍ ነበር። ቀያሹ ችካሉን ተከለ፤ ማታ ነቀሉት። እንደገና ተከለ፤ እንደገና ነቀሉት። ፖሊስ መጣ፣ ነገር ከረረ። አባቴ ሦስት ቀን ሽማግሌዎቹ ጋ እየሄደ ጠላ ሲጠጣ ከረመ። ዋርካው ሥር በጦርነት ያለቁ ዘመዶቻቸው እንዳሉ በሦስተኛው ቀን ነገሩት። መሥመሩ ጥቂት ታጠፈ፤ ሽማግሌዎቹም ድንጋይ እያቀበሉ አሠሩ። «መሐንዲሱ ግን ዘንግ ያዥ ብቻ አድርጎ ነው የሚያውቀኝ» አለና ሳቀ። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም ነበር።

አሁን ደብረ ማርቆስ ስሄድ እናቴ አዲስ ያተምነውን ወረቀት ሁሉ መነጽሯን አድርጋ ታነባለች፤ ባለፈው ጊዜ «ይቺ ቃል ለከተማ ሰው ናት» ብላ አንዷን አስወጥታኛለች። አባቴ ደግሞ እድር ላይ «ልጅህ ምን ትሠራለች?» ሲሉት «ሆስፒታል ነው የምትሠራው» ብሎ ዝም ይላል። እነርሱም «ዶክተር» እያሉ ማዘዣ ይዘው እየመጡ ያስቸግሩኛል። እንዲያርምላቸው ብለምነው እምቢ ብሏል።